የክሬን አምራች እድገት በምን ይለካ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኢንዱስትሪ ዓምዳችሁ ስለ አንድ የጭነት ማንሻ መሣሪያዎች አምራች እድገት ያስነበባችሁትን ሰፊ ሐተታ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ክሬን፣ ስለ ሆይስት (ጭነቱን በገመድ ወይም በሰንሰለት ወደ ላይ ስለሚስበው ማሽን)፣ ስለ ሰንሰለትና ስለ መንጠቆ የሚጽፍ ጋዜጣ ብርቅ ስለሆነ፣ ርዕሱን በመምረጣችሁ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባችኋል። ሐተታው የድርጅቱን እድገት የገለጸው በመገጣጠሚያ አዳራሹ ስፋት፣ በዓመት በሚሸጡት ማሽኖች ብዛት፣ በትልቁ ክሬን የማንሳት አቅምና ቅርንጫፍ በተከፈተባቸው አገሮች ቁጥር ነው። እነዚህ መለኪያዎች ለሳሙና ፋብሪካ ይበቁ ይሆናል፤ ለጭነት ማንሻ አምራች ግን ዋናውን ነገር ይስታሉ። በፍተሻ ሥራ ላይ የተሰማራሁ መሐንዲስ እንደመሆኔ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ጤናማ እድገት የሚታየው ከበሩ በወጡት ማሽኖች ብዛት ሳይሆን፣ ከወጡ በኋላ በእርሱ ክትትል ሥር በደኅና እየሠሩ ባሉት ማሽኖች ብዛት ነው እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የአንድ ማንሻ አቅም በቶን ይነገራል፤ ገዢውም ሻጩም ጋዜጠኛውም በቅድሚያ የሚጠይቁት ቶኑን ነው። ነገር ግን ሁለቱም አምስት ቶን የሚያነሱ፣ በዓይን ሲታዩም የማይለያዩ ሁለት ሆይስቶች በዕድሜያቸው በብዙ እጥፍ ሊራራቁ ይችላሉ። ኤፍኢኤም በሚባለው የአውሮፓ አምራቾች ፌዴሬሽን ደንብና ከእርሱ ጋር በሚቀራረበው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት፣ ሆይስት ሲነደፍ በሙሉ ጭነት የሚሠራባቸው ሰዓታት አስቀድመው ይወሰኑለታል፤ በኤም3 ምድብ ላለው 400፣ በኤም4 ላለው 800፣ በኤም5 ላለው 1,600፣ በኤም6 ላለው 3,200 ሰዓት ነው። ይህ የሰዓት ድርሻ ሲያልቅ ማሽኑ ደኅና ቢመስልም እንኳ እንዲቆምና ማርሹን፣ ፍሬኑንና ሌሎቹን ሸክም ተሸካሚ ክፍሎቹን የሚጨምር አጠቃላይ እድሳት እንዲደረግለት ይጠበቃል።

ነገሩን በስሌት እንየው። ጭነትን ስድስት ሜትር ወደ ላይ አንስቶ መልሶ የሚያወርድ፣ በደቂቃም አምስት ሜትር የሚጓዝ ሆይስት ቢኖር፣ ለአንድ ዙር ሞተሩ ሁለት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ይሠራል። በሰዓት አሥር ዙር፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ቢሠራ የሞተሩ ሰዓት በዓመት 800 ይደርሳል። ዘወትር ሙሉ ጭነት የሚያነሳ ከሆነ የኤም4 ሆይስት የተመደበለትን ሰዓት በአንድ ዓመት፣ የኤም5 ደግሞ በሁለት ዓመት ይጨርሳል ማለት ነው። በማሽኑ ላይ የሚደርሰው ድካም ከጭነቱ ኩብ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድካሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ያው የኤም4 ሆይስት ዘወትር ግማሽ ጭነት ብቻ ቢያነሳ ስምንት ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለቶን ብቻ አይደለም፤ ለተወሰነ የሥራ ሰዓት ክምችትም ነው። ክምችቱ ምን ያህል እንደሆነና ሥራው በምን ፍጥነት እንደሚበላው ሳይጠየቅ የተሸጠ ማሽን ለሻጩ የዓመቱን ሽያጭ ያሳድጋል፤ ለገዢው ግን ቀኑ ያልታወቀ ችግር ይተዋል።

በፍጥነት ማደግ የሚፈልግ አምራች የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ኤም5 ለሚያስፈልገው የሥራ ቦታ ኤም3 ሲያቀርብ ዋጋው ከተወዳዳሪዎቹ ያነሰ ይሆናል፤ በካታሎጉ ላይ ያለው ቶን ግን ከእነርሱ ጋር እኩል ነው። ጨረታውን ያሸንፋል። ማሽኑ ሲተከልና ሲሞከርም ምንም ጉድለት አይታይበትም፤ ምክንያቱም የተለመደው ሙከራ፣ ማለትም ከተፈቀደው ጭነት 125 በመቶ የሚሆነውን አንስቶ ማቆየትና በ110 በመቶ ጭነት ማንቀሳቀስ፣ የብረቱን ጥንካሬና የፍሬኑን ኃይል ያረጋግጣል እንጂ ዕድሜውን አይለካም። ጉዳቱ የሚገለጠው ከጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሽያጩ ቁጥር በዓመታዊ ሪፖርት ታትሞ፣ የተመሰገነው ተመስግኖ ያለቀ ጉዳይ ሆኗል።

ይህ ኢንዱስትሪ በየትኛው መንገድ እንዳደገ ማየቱ ክርክሬን ግልጽ ያደርገዋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍሪድሪክ ሃርኮርት በጀርመን ቬተር ከተማ የሜካኒክ ወርክሾፑን የከፈተው በ1819 ሲሆን፣ ዛሬ ዴማግ የሚባለው የክሬን አምራች ስም የዘር ሐረጉን ከዚያ ይቆጥራል። በሃርትስ ተራሮች ማዕድን ማውጫዎች ቪልሄልም አልበርት የብረት ገመድን በ1834 ሥራ ላይ አዋለ። በእንግሊዝ ዊልያም አርምስትሮንግ በ1846 በኒውካስል የመርከብ መጫኛ ላይ በውኃ ግፊት የሚሠራ ክሬን አሳይቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት በኤልስዊክ ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ክሬን የሚሠራው ለአንድ ደንበኛና ለአንድ ቦታ ታስቦ ነበር። እውነተኛው የምርት እድገት የመጣው ግን ሆይስቱ፣ የጫፍ ተሽከርካሪዎቹ (ክሬኑ በሐዲድ ላይ የሚሄድባቸው ክፍሎች) እና የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው በመደበኛ መጠን በብዛት መመረት ሲጀምሩ ነው። ሆይስቱ የሚንጠለጠልበትን፣ ከሃያ ሜትር ሊበልጥ የሚችለውን አግድም ዋና ተሸካሚ ምሰሶ በመርከብና በመኪና ማጓጓዝ ውድ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ አምራቾች በብዙ ገበያዎች ሆይስቱንና መቆጣጠሪያውን ብቻ ይልካሉ፤ ምሰሶውን በአካባቢው ያለ የብረታ ብረት ድርጅት ቆርጦና በይዶ ያዘጋጃል።

ይህ አሠራር ብልህነት ያለበት ነው፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሐተታችሁ ግን ድርጅቱ «ክሬን ያመርታል» ሲል የትኛውን ክፍል ራሱ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ገዝቶ እንደሚገጥም አልነገረንም። ሁለቱም የተከበረ ሥራ ነው፤ ኃላፊነታቸው ግን ይለያያል። ሆይስቱ ከአንድ አገር፣ ብየዳው ከሌላ ድርጅት፣ ተከላው ከሦስተኛ ወገን ሲመጣ፣ በምሰሶው መሐል ስንጥቅ በታየ ቀን ማን ይጠየቃል? የሙሉ ክሬኑን ስሌት ፈርሞ የወሰደ አንድ አካል ከሌለ፣ የቅርንጫፎች መብዛት የኃላፊነትን መበታተን ብቻ ያሳያል።

ከሁሉ የበለጠ ሊጠና ይገባዋል የምለው ምሳሌ የፊንላንዱ ኮኔክሬንስ ነው። በ1910 የተመሠረተው እናት ድርጅቱ ኮኔ የክሬን ክፍሉን በ1994 ለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው፤ ኩባንያውም በ1996 በሄልሲንኪ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። በ2024 ሽያጩ ወደ 4.2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የደረሰ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የመጣው ከፍተሻ፣ ከጥገናና ከመለዋወጫ ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ በጥገና ውል ሥር ከያዛቸው ማሽኖች ብዙዎቹ በራሱ ፋብሪካ ያልተሠሩ፣ የተፎካካሪዎቹ ምርቶች መሆናቸው ነው። አዲስ ክሬን የሚታዘዘው አዲስ ፋብሪካ ሲገነባ ወይም ወደብ ሲስፋፋ ብቻ ስለሆነ፣ ኢንቨስትመንት በቀዘቀዘ ዓመት ትእዛዙ አብሮ ይወድቃል። ፍተሻ ግን የገበያን ሙቀትና ቅዝቃዜ አይጠብቅም። በብሪታንያ በ1998 የወጣው የማንሻ ሥራዎች ደንብ፣ በባለሙያ የተዘጋጀ ሌላ የፍተሻ ዕቅድ ከሌለ በቀር፣ ማንሻ ማሽን ቢያንስ በየ12 ወሩ፣ ሰው የሚያነሳ ማሽንና እንደ ማንጠልጠያ (ጭነቱን ከመንጠቆው ጋር እንደሚያያይዝ ሰንሰለት ወይም ገመድ) ያለ ተጓዳኝ ዕቃ ደግሞ በየ6 ወሩ በጥልቀት እንዲመረመር ያስገድዳል። ተመሳሳይ ግዴታ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ አለ። ትእዛዝ በጠፋበት ዓመት የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከፍለው ይህ ሥራ ነው።

የአገልግሎት ሥራ ጥቅም በገንዘብ ብቻ አይወሰንም። ንድፍ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መሐንዲስ ማሽኑ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ መሰላል ላይ ወጥቶ የሚፈትሸው ባለሙያ ግን የብረት ገመዱ የሚበላው በየትኛው ፑሊ (ገመዱ የሚዞርበት ጎማ) ላይ እንደሆነ፣ ኦፕሬተሩ ጭነቱን በጎን እየጎተተ የገመድ መሪውን እንዴት እንደሚሰብረው፣ ከላይ ጫፍ ለጥንቃቄ የተቀመጠው የማቆሚያ ስዊች እንደ ዘወትር ፍሬን እያገለገለ መሆኑን ያያል። ይህ እውቀት ወደ ንድፍ ክፍሉ የሚመለስበት መንገድ ካለ የሚቀጥለው ሞዴል ይሻሻላል። ከሌለ ግን ድርጅቱ ያው ጉድለት ያለበትን ሆይስት በየዓመቱ በብዛት ያመርታል፤ ብዛቱም እድገት ይባልለታል።

እርግጥ ነው፣ በዚህም ውስጥ የጥቅም ግጭት አለ፤ መሸሸግ አልፈልግም። ገመዱን የሚመረምረውና አዲሱን ገመድ የሚሸጠው አንድ ድርጅት ከሆነ፣ ገመዱ «አልቋል» የሚለው ፍርድ ከጊዜው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ግን ፍተሻውን መተው ሳይሆን ፍርዱን በሚለካ ነገር ላይ ማቆም ነው። አይኤስኦ 4309 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የብረት ገመድ ከአገልግሎት የሚወጣበትን መስፈርት በተሰበሩ ሽቦዎች ብዛት፣ በዲያሜትር መቀነስ፣ በዝገትና በቅርጽ መበላሸት ዘርዝሮ አስቀምጧል። በአውሮፓ ደረጃ የማንጠልጠያ ሰንሰለት ቀለበት አማካይ ውፍረት ከመነሻው ከ90 በመቶ በታች ከወረደ ሰንሰለቱ ይወገዳል። ሪፖርቱ የተለካውን ቁጥር ከጻፈ ባለቤቱ ሌላ ባለሙያ ጠርቶ ማስለካት ይችላል። «መጥፎ ሁኔታ ላይ ነው» ብቻ የሚል ሪፖርት ግን በፊርማና በማኅተም ቢታጀብም ዋጋ የለውም።

ከምርትና ከአገልግሎት ቀጥሎ ሦስተኛው የእድገት መንገድ ሌሎች ድርጅቶችን መግዛት ነው፤ ጋዜጦች በብዛት የሚዘግቡትም ይህን ነው። የዴማግ ታሪክ ለብቻው ሊነበብ የሚገባው ነው። ከጀርመኑ ማነስማን ወደ ሌላው የጀርመን ኩባንያ ሲመንስ ከተሻገረ በኋላ በ2002 ኬኬአር የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው፤ በ2006 በአክሲዮን ገበያ ተሸጠ፤ በ2011 የአሜሪካው ቴሬክስ ወሰደው፤ በጥር 2017 ደግሞ ኮኔክሬንስ ተረከበው። ይህ የመጨረሻው ግዢ እንዲፈቀድ የአውሮፓ የውድድር ባለሥልጣን ኮኔክሬንስ የራሱን ሽታል ክሬንሲስተምስ እንዲሸጥ ግድ ስላለው፣ ሽታልን ኮሎምበስ ማኪኖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ። በ1990ዎቹ የተተከለ አንድ ሆይስት፣ ከተሰቀለበት ቦታ ሳይነቃነቅ፣ ባለቤቱ የሚደውልለት አምራች ከአምስት ጊዜ ያላነሰ እጅ ተለዋወጠ ማለት ነው። ኮኔክሬንስ ከሌላው የፊንላንድ ኩባንያ ከካርጎቴክ ጋር ሊዋሐድ ያቀደውን ደግሞ የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን በመጋቢት 2022 በመከልከሉ ሁለቱ ድርጅቶች ዕቅዱን ተዉት። የጃፓኑ ኪቶና የአሜሪካው ክሮስቢ በ2023 መጀመሪያ ተዋሕደዋል፤ ኮሎምበስ ማኪኖንም በየካቲት 2025 ይህንኑ ውሑድ ድርጅት በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል።

እነዚህን ግዢዎች በጅምላ የምነቅፍ አይደለሁም። ብዙ የተለፋበትን የመለዋወጫ መጋዘንና የቆዩ ሥዕሎችን ማኅደር ከአክሲዮኑ ጋር ተረክቦ በአግባቡ የያዘ ገዢ፣ ሊዘጋ የነበረን ስም ሊያድን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ድርጅቶች ሲዋሐዱ የሽያጭ ቁጥራቸው ይደመራል እንጂ በዓለም ላይ አንድም ተጨማሪ ሆይስት አልተመረተም፤ አንድም ተጨማሪ ቴክኒሻን አልሠለጠነም። እንዲያውም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሞዴሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ፣ ወጪ ለመቀነስ አንዱ መቋረጡ የተለመደ ነው። የተቋረጠውን ሞዴል የገዛው ሰው የፍሬን ሽፋን ሲያልቅበት የክፍሉ ቁጥር ተለውጦ፣ ወይም ከነጭራሹ ጠፍቶ ያገኘዋል። ሠላሳ ዓመት ሊያገለግል በሚችል ማሽን ላይ የአሥር ዓመት የመለዋወጫ ዋስትና እንኳ በጽሑፍ የማይሰጥ አምራች «አደገ» ሲባል፣ ያደገው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ስለ ተጓዳኝ ዕቃዎችም ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ጥራቱን መጀመሪያ የሚያጣው በእነርሱ ላይ ነው። ሰንሰለት በአራት እጥፍ፣ የብረት ገመድ ማንጠልጠያ በአምስት እጥፍ፣ የጨርቅ ማንጠልጠያ በሰባት እጥፍ የደኅንነት ልክ ይሠራሉ። ብዙ ተጠቃሚዎች ይህን ልክ እንደ ትርፍ አቅም ይቆጥሩታል፤ በእውነቱ ግን ልኩ ለድንጋጤ፣ ለመበላትና ለሰው ስህተት የተያዘ ነው። ባለሁለት እግር ማንጠልጠያ እግሮቹ ከቀጥታው መስመር እያንዳንዳቸው በ60 ዲግሪ ሲከፈቱ፣ እያንዳንዱ እግር ግማሹን ሳይሆን የጭነቱን ሙሉ ክብደት የሚያህል ውጥረት ይሸከማል፤ ይህን ኦፕሬተሩ ካላወቀ የደኅንነት ልኩ ግማሽ በአንድ ማንሳት ተበላ ማለት ነው። ትእዛዝ ሲበዛበት መንጠቆና ሰንሰለት ከውጭ አቅራቢ መግዛት የጀመረ አምራች የሙቀት ሕክምናውን በቅርብ መቆጣጠር ይሳነዋል። ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ሰንሰለት መልኩ እንዲያምር በአሲድ ታጥቦ ዚንክ ቢለበጥ፣ ወደ ብረቱ በሚገባው ሃይድሮጅን የተነሳ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰበር ይችላል። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ የተመታው መለያ ቁጥር ወደ ቀለጠበት የብረት ምድብ መልሶ የሚመራ ካልሆነ፣ አብሮ የሚሰጠው ሰርተፊኬት ወረቀት ብቻ ነው።

ሐተታችሁ ድርጅቱ ማሽኖቹን በሩቅ የሚከታተልበት ዘመናዊ ሥርዓት መግጠም መጀመሩን በአድናቆት ጠቅሷል። በዚህ እስማማለሁ፤ የማንሳት ሰዓትንና የጭነቱን መጠን የሚቆጥር መሣሪያ ከላይ ያሳየሁትን የዕድሜ ስሌት ከግምት አውጥቶ ወደ ልኬት ያመጣዋል። አንድ ነገር ግን ግልጽ መሆን አለበት፤ የተመዘገበው መረጃ የማን ነው? የቀረውን ዕድሜ ማየት የሚችለው የይለፍ ቃል ያለው የአምራቹ ቴክኒሻን ብቻ ከሆነ፣ የማሽኑ ባለቤት በገዛ ንብረቱ ላይ ለመወሰን ሻጩን ማስፈቀድ ሊኖርበት ነው። ይህ ደንበኛን ማገልገል ሳይሆን ማሰር ነው።

ስለ ሰው ኃይል ሐተታው ያነሳው የሠራተኛውን ጠቅላላ ቁጥር ነው። አዳራሽ በአንድ ዓመት ይገነባል፤ የብየዳ ሮቦት በጥቂት ወራት ተተክሎ ሥራ ይጀምራል። የፍሬንን ክፍተት በጆሮና በመለኪያ አስማምቶ የሚያስተካክል፣ የማርሽ ዘይትን አይቶ ከውስጥ ያለውን መበላት የሚገምት፣ ደግሞም የምርት ኃላፊው እየተቆጣ «ይህ ክሬን ዛሬ አይሠራም» ብሎ ቁልፉን የሚያነሳ ቴክኒሻን ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ሽያጩ ከእነዚህ ባለሙያዎች ቁጥር በላይ በፈጠነ ጊዜ ድርጅቱ ሊጠብቃቸው የማይችላቸውን ማሽኖች ወደ ሥራ ቦታዎች እየላከ ነው።

ስለዚህ ዘጋቢያችሁ ወደዚሁ ድርጅት ተመልሶ ጥቂት ነገሮችን እንዲጠይቅልን እለምናለሁ። ባለፈው ዓመት ከተገኘው ገቢ ምን ያህሉ ከጥገናና ከፍተሻ፣ ምን ያህሉ ከአዲስ ሽያጭ መጣ? ከአሥር ዓመት በፊት ከተሸጡት ማሽኖች ስንቶቹ ዛሬም በድርጅቱ ክትትል ሥር አሉ? የተሸጠው ሆይስት የሥራ ምድብ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከቶኑ እኩል ጎልቶ ይጻፋል ወይ? ሞዴል ሲቋረጥ መለዋወጫው ለስንት ዓመት እንደሚቀርብ በውሉ ውስጥ ይገባል ወይ? ለአንድ የመስክ ቴክኒሻንስ ስንት ክሬን ይደርሰዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ የድርጅቱ ሽያጭ ክፍል ሊመልሰው ስለማይችል፣ ዘጋቢው በቀጥታ የጥገና ክፍሉን ኃላፊ ቢያነጋግር ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጭነት ማንሻ መሣሪያዎች የፍተሻ መሐንዲስ